ዮአብን ማን ሳመው

ኅዳር 3፣ ሰበታ

ዛሬ የውሃ ፋብሪካችን ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ አዞረኝ። ሰውነቴ እንደተቀጠቀጠ ነው፤ ጉሮሮዬ ይከረክራል። ትኩሳትም ሳይኖረኝ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ የውሃ ሙቀት ስለካ የምውል ሰው የራሴን አልለካሁም። አለቃዬ "ሮዳስ፣ ቤትሽ ግቢ እንጂ! እዚሁ ጠርሙሱ መሀል ልትወልጂብን ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ቤቴ ከገባሁ ወንበሬን ለማን ሊሰጠው እንዳሰበ አውቃለሁ። አልገባም።

ማታ ወንዲ ዝንጅብል አፈላልኝ። ግንባሬን ነክቶ እጁን ቶሎ አነሳ። "ለእናቴ ልደውልላት?" አለ። እንዳትደውል አልኩት። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ችግር በመጣ ቁጥር ግን ስልኩ ላይ የሚያገኘው የእናቱን ቁጥር ብቻ ነው። እትዬ አትክልት ከሱሉልታ ድረስ መጥተው "ሥራ አቁሚ ብዬሽ አልነበረም?" ሲሉኝ ለመስማት አቅሙ የለኝም።

ጉንፋን ነው። ያልፋል።

ኅዳር 6

ወለድኩ። ወንድ ነው። ደክሞኛል።

ኅዳር 7

ስሙ ዮአብ ነው። ገና ሳላረግዝ የመረጥኩት ስም ነው። ወንዲ "ይሁን" አለ፤ ቀጥሎም "እናቴ ግን የክርስትና ስም ማውጣቷ አይቀርም" አለ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አያጠምቅም፤ የነሱ ደግሞ በአርባ ቀኑ ካልተጠመቀ እንቅልፍ የላቸውም። ስንጋባ ተነጋግረንበታል፤ ልጁ ሲያድግ ራሱ ይመርጣል ብለናል። ወንዲ ተስማምቶ ነበር። ወንዲ ሁልጊዜ ይስማማል።

ትናንት አዋላጇ ስትመዘግበኝ "በዚህ ሳምንት ትኩሳት፣ ሳል፣ የታመምሽው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ምጥ ላይ ሆኜ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እንዲጽፉብኝ አልፈለግሁም። ደግሞ በዚያ ሰዓት ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር።

ኅዳር 9

ይተኛል። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሁሉ "ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ይላሉ። ጡት ይጎርስና ይተወዋል። ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል። እየጠባ የሚያልበው ሰው ምን ዓይነት ሥራ ቢሆንበት ነው?

የግቢያችን ሴት አገላብጣ አየችውና "እንጥሉ ወርዶ ነው። ዓለም ገና የምትቆርጥ ሴት አለች፤ እጇ ፍቱን ነው" አለች። የሰው ልጅ ጉሮሮ በምላጭ አይነካም አልኳት። "እናንተ የተማራችሁ" ብላ ወጣች። የቀረውን በር ላይ ለቆመችው ጎረቤት ነገረቻት።

ኅዳር 11

እትዬ አትክልት መጡ። ቅቤ፣ አብሽ፣ አንድ ዶሮ። እያስነጠሱ ነው የገቡት፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ዮአብን አንስተው ከንፈሩን ሳሙት።

"እትዬ፣ ጉንፋን ይዞዎታል። እባክዎ አይሳሙት።"

"ስምንት ልጅ ስሜ ነው ያሳደግኩት፤ በመሳም የሞተ አላየሁም" አሉ። ደግመው ሳሙት።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ማይክሮባዮሎጂ ተምሬያለሁ። አንድ የማስነጠስ ጠብታ ምን እንደሚይዝ ሌሊት ብቀሰቀስ እናገራለሁ። በሠራተኛ ላይ ስጮህ ፋብሪካው ይሰማኛል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ላይ አፌ ተሳሰረ።

ኅዳር 13፣ በጥድፊያ

መልኩ አመድ መሰለ። ደረቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ልብ የሚመታ አይመስልም። ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ይመስላል። ባጃጅ። ሆስፒታል። ከዚያ አምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ። ጌታ ሆይ።

ኅዳር 14፣ አዲስ አበባ

ሐኪሙ ዶክተር ጃዕፈር ይባላል። ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። "ልቡ ከልክ በላይ እየሮጠ ነው። እንዲህ ሲሮጥ ደም የሚሞላበት ጊዜ አያገኝም። አሁን የምሰጠው መርፌ ለአንድ አፍታ ያቆመዋል። አትደንግጡ" አለን። ልጄን ሊያቆምብኝ ነው። አትደንግጡ ይላል።

መርፌው ገባ። ስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣና ይወርድ የነበረው መስመር ተኛ። ቀጥ ብሎ ተኛ። ከዚያ አንድ ምት። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ እንደ ሰው ልብ መምታት ጀመረ፤ ዮአብም ከተወለደ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ። "ጨዋ" ያሉት ልጅ እንዲህ መጮህ የሚችል ልጅ ነበር ለካ።

በኋላ ዶክተሩ አስቀመጠን። ቫይረስ ነው የሚመስለው፤ የልቡን ጡንቻ አስቆጥቶታል አለ። "ትልቅ ሰው ላይ ተራ ጉንፋን የሚሆነው ቫይረስ ጨቅላ ላይ ሲወጣ እንዲህ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በወሊድ ሰሞን ከእናት ነው። ትኩሳት ነበረሽ?"

"አልነበረኝም። አያቱ ናቸው። ጉንፋን ይዟቸው ከንፈሩን ሳሙት።"

ወንዲ አጠገቤ ነበር። ወለሉን አየ።

ያልኩት እውነት ነው። ስመውታል። ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 22

አሁንም ሆስፒታል ነን። ወንዲ ለሐኪሙ ያልኩትን ለእናቱ ነግሯቸዋል። ለምን እንደነገራቸው አይገባኝም። ወይስ ይገባኛል?

"እናቴ ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም" አለኝ።

"የነቢያት ጾም ነው" አልኩት።

ክፉ ነገር ነው የተናገርኩት። ደግሜ እናገረዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ የወንዲ አክስት ለሌላ ዘመድ ሲያወሩ ሰማሁ፦ "ጴንጤዋ መስቀል አላስነካም ብላ እኮ ነው። ያልተጠመቀ ልጅ ምን ይጠብቀዋል?" በአጠገባቸው አለፍኩ። "እንደምን ዋልሽ ልጄ" አሉኝ።

ኅዳር 28

ወጣን። ኪኒን ታዞለታል። ለጨቅላ የሚሆን ሽሮፕ አገር ውስጥ የለም፤ ፈጭቼ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጬ፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጉንጩ ውስጥ እሰጠዋለሁ። አንድም ቀን መቋረጥ የለበትም።

ዶክተር ጃዕፈር ሌላም ነገር አስተማረን። ልቡ እንደገና ከሮጠ፣ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ እየተዘጋጀን፣ በረዶና ውሃ የያዘ ስስ ላስቲክ ግንባሩና ዓይኑ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ። አፍና አፍንጫውን ሳንነካ። ፊት ድንገት ሲቀዘቅዝ አካል ልብን ያረጋጋል፤ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው። በአሻንጉሊት አሳየን፤ እኔ ደገምኩት፣ ወንዲም ደገመው። "ገብቶኛል" አለ ወንዲ።

ታኅሣሥ 5

መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ጡቴን ተወው። ግንባሩ ላብ። እጄን ደረቱ ላይ፦ ያው ንዝረት። ወንዲን "መኪና ጥራ!" ብዬ ላስቲኩን ከማቀዝቀዣ አወጣሁ። ግንባሩ ላይ አሳረፍኩት። ትንፋሹን ዋጠ፤ ዓይኑን ጨመቀ። በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተ። እትዬ አትክልት ናቸው። ከሳሙት ቀን ወዲህ ቤታችን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ እርቅ ሊያወርዱ ኖሯል። ያዩት ግን አራስ ልጅ ፊት ላይ በረዶ የጫነች እናት ነው።

ጩኸታቸው ግቢውን ሞላው። "ኧረ የሰው ያለህ! በብርድ ልትገድለው ነው!" ጎረቤት ገባ። አንዷ ልጁን ከእጄ ነጠቀችኝ። በዚያች ደቂቃ ዮአብ ጮኸ፤ መልኩ ተመለሰ፤ ልቡ ረግቶ ነበር። ማንም አላየም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር።

"ወንዲ፣ ንገራቸው" አልኩ። "ሐኪሙ ያሳየንን ንገራቸው።"

ወንዲ በር ላይ፣ ስልኩን ይዞ፣ እናቱን አየ። "እሷ... በረዶውን እንኳ እኔም እፈራዋለሁ" አለ።

ከዚህ ሰው ጋር ልጅ ወልጃለሁ። ስሙን እዚህ ዳግመኛ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ታኅሣሥ 9

"በረዶ የምታደርገዋ" ሆኛለሁ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰማሁት። ዞር ብዬ "አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ላንቺም ላድርግልሽ?" አልኳት። ዳቦዬን ይዤ ገባሁ።

ታኅሣሥ 14

ኪኒኑ ሊያልቅ ነው። ሰበታ የለም፤ ዛሬ አዲስ አበባ ፋርማሲ በፋርማሲ ዞርኩ። ለዮአብ ወተት አልቤ ለአባቱ ትቼ ነበር። የቀረችውን ኪኒንም እንዳትጠፋ ብዬ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ፤ ለፋርማሲስቶቹ ላሳያት ነበር። ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ጥቁር አንበሳ አካባቢ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ፣ በቆምኩበት አልቅሼ ተመለስኩ።

ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው ላይ የዮአብ ፎጣ ብቻ።

ስልክ። "ሮዲ፣ አትቆጪ። ነገ አርባው ነው፤ ክርስትናውን አስነስተን እንመጣለን። እናቴ ለምናኝ ነው።"

"ኪኒኑ እኔ ጋ ነው!"

"አንድ ቀን ነው እኮ ሮዲ።"

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ታኅሣሥ 15፣ ቡራዩ

እህቴ ዳና ጋ አደርኩ። የግንባታ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች፤ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ጡቴ አብጦ እንደ ድንጋይ ሆኗል። አልቤ ደፋሁት። ዳና ዞር ብላ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም። ሱሉልታ ያለው የእናቱ ቤት አጥሩን እንጂ መንገዱን አላውቀውም፤ የሄድኩት ለሠርጌ መልስ ብቻ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ደወለ። እያለቀሰ ነው። "ሮዲ፣ ተአምር ነው! ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ መልኩ ጠፍቶ ነበር፤ ያው ሕመሙ። ካህኑ ውሃው ውስጥ ሲነክሩት፣ ሦስተኛው ላይ ጮኸ! ቀላ! ሰው ሁሉ እልል አለ። ድኗል። እናቴ ከዚህ ወዲያ መድኃኒት አያስፈልገውም ትላለች።"

"ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?" አልኩት።

"ምን?"

"ውሃው፣ ወንዲ። ቀዝቃዛ ነበር?"

በታኅሣሥ፣ በሱሉልታ፣ በማለዳ የተቀዳ ውሃ። ከኔ እጅ ሲሆን ግድያ ነው። ከሌላ እጅ ሲሆን እልልታ።

እግዚአብሔር አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። እኔም አማኝ ነኝ። ያለ ኪኒን ግን ነገም ይሮጣል እያልኩ ነው።

ታኅሣሥ 16፣ ሆስፒታል፣ ዮአብ ተኝቷል

ዛሬን በሙሉ መጻፍ አለብኝ።

የዳና አከራይ ኦቦ ጌዲ ለስላሳ ያከፋፍላሉ። ጠዋት በር ላይ አገኘኋቸው። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተሎ ኮ?" አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ደህና አላደርኩም አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። በረዶም ለመንኳቸው።

"በረዶ? ለሱሉልታ?" አሉ። "ልጄ፣ በዚህ ወር ሱሉልታ በረዶ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።" እየሳቁ የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። በረዶውን በላስቲክ አስረው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። መንገዱን ሙሉ ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" እያሉ። ጭኔ ደነዘዘ። ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም።

ሱሉልታ ስንደርስ ኦቦ ጌዲ ትናንት ክርስትና የተነሣበትን ቤት ሰው ጠየቁ፤ አጥሩን ሳይ ለየሁት። ግቢው በሰው ተሞልቷል። የጾም ወጥ፣ ጠላ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ!" አንዷ ልታቅፈኝ መጣች፤ ገፋኋት። ዮአብ እትዬ አትክልት ጭን ላይ ተኝቷል። አንገቱ ላይ አዲስ ማዕተብ።

"ወልደ ማርያም ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሺው" አሉኝ።

"ዮአብ አልተኛም" አልኩ። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። እጄን ሰደድኩ። ንዝረት።

ላስቲኩን ሳወጣ ሴቶቹ ተነሡ። "ሜሮን አለበት! ውሃ አይነካውም!" ወንዲ "ሮዲ፣ በኋላ" አለ። በኋላ! እትዬ አትክልት ልጁን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

አልጮህኩም። መጮህ እችል ነበር፤ አልጮህኩም። ተንበረከክሁና፦

"እትዬ፣ እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ። ትናንት ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲህ አልነበረም?"

እጃቸውን አኖሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"እንዲህ ነበር" አሉ በቀስታ።

"ከወጣ በኋላስ?"

"ተወው።"

"ቅዝቃዜው ነው እትዬ።"

"እግዚአብሔር ነው።"

"እሺ፣ እግዚአብሔር ነው። ቅዝቃዜንስ ማን ፈጠረው? ይስጡኝ።"

እትዬ አትክልት ልጁን አልሰጡኝም። እጃቸውን ዘረጉ። "ላስቲኩን አምጪ። አንቺ የት እንደሚያርፍ አሳዪኝ።" የላስቲኩን እርጥበት በነጠላቸው አደረቁት፤ ጠብታ ሜሮኑን እንዳይነካው። ግንባሩና ዓይኑ ላይ አሳረፍነው፤ የእሳቸው እጅ ከሥር፣ የኔ እጅ ከላይ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ፣ እሳቸው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። "ሲሳየነ" ላይ ዮአብ ጮኸ።

ማንም እልል አላለም።

ኦቦ ጌዲ ሞተሩን አላጠፉም ነበር። ገና አዲሱ ገበያ ሳንደርስ እንደገና ሮጠ። ቀሪውን መንገድ ምን እንዳልኩ አላውቅም። መርፌው እንደገና። መስመሩ እንደገና ተኛ። ያን መስመር ሁለት ጊዜ ማየት ለአንድ እናት ይበዛባታል።

ታኅሣሥ 17

ዶክተር ጃዕፈር ሦስታችንን አስቀመጠን። እኔ፣ ወንዲ፣ እትዬ አትክልት። ምቱ ተረጋግቷል። የልቡ ጡንቻ ግን ደክሟል፤ ልቡ ሰፍቷል። ሊያገግም ይችላል፤ ላያገግምም ይችላል። መድኃኒቱ የተቋረጠባቸው ቀናት ጎድተውታል አለ፤ ማን እንዳቋረጠው አልጠየቀም። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"አንድ ነገር ደግሜ ልጠይቅ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሕክምናውንም አይቀይረውም። የሚመጣውን ለመገመት ግን ይረዳኛል። ጡት መተው የጀመረው አያቱ ከመምጣታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ወንዲ ወለሉን አየ። አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ ዶክተር" አሉ እትዬ አትክልት። ተነሥተው ቆሙ፤ እንደ ፍርድ ቤት። "ጉንፋን ይዞኝ ነበር። እሷ አይሳሙት ብላኛለች። አልሰማኋትም። ይጻፉት።"

ዶክተሩ እኔን አየኝ።

"በኋላ ነው" አልኩ።

ጻፈ።

ታኅሣሥ 18

ሕክምናውን አይቀይረውም። ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው። ታዲያ ምን ላድርግ? በረዶ የምታደርገዋ ብለውኛል። ልጄን ከአልጋው ላይ ወስደውብኛል። ሌላ ምክንያት በእጄ ላስይዛቸው? አላስይዛቸውም።

እንጥሉ ወርዷል ያለችኝ ሴት መቼ ነበር የመጣችው? ምን ቸገረኝ።

ጥር 4፣ ሰበታ

እትዬ አትክልት እኛ ጋ ናቸው። አልጠራኋቸውም፤ ይሂዱም አላልኳቸውም። ኪኒኑን እሳቸው ይፈጫሉ፤ ዱቄቱ ከወረቀቱ ላይ እንዳይበን ትንፋሻቸውን ይዘው። የግቢያችን ሴት መጥታ "በረዶ..." ብላ ስትጀምር፣ "ሂጂ ወደዚያ! ሐኪም ያዘዘው ነው" ብለው በሩን ዘጉባት። ያን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ሳሎን ነው የሚተኛው።

ዮአብ አልወፈረም። ሲጠባ አሁንም ያልበዋል።

ጥር 10

ዛሬ ከተራ ነው። ታቦቱን የሚያጅበው ሰው በደጃችን እየዘመረ ያልፋል። እትዬ አትክልት አልሄዱም። "የዘንድሮው ይቅርብኝ" አሉ። በር አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ዮአብን ከሩቅ ያዩታል። ጉንፋናቸው ከዳነ ወር አልፎታል። ነጠላውን ግን ዮአብ ባለበት አያወርዱትም። ሲያቅፉት ፊታቸውን ያዞራሉ።

ዮአብ ዛሬ ዓይኑን ከፍቶ ፈለጋቸው። ድምፃቸውን ያውቃል።

"ይሳሙት እትዬ" አልኳቸው።

"አይ ልጄ።"

"ግንባሩን እንኳ።"

"ስሜ ያደረስኩበት ይበቃኛል" አሉ፤ ድምፃቸው ከነጠላው ሥር እየታፈነ። "አንቺ ሳሚልኝ። የአንቺ ንጹሕ ነው።"

ሳምኩት። የሳሎኑ በር ላይ ወንዲ ቆሟል። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ወለሉን አየ። እኔም አየሁ።

ወለሉ ያበራል። ጠዋት እሳቸው ናቸው ተንበርክከው የወለወሉት፤ በበረኪና፣ ሁለት ጊዜ።